አንድ መስመር ተነክቶ 1,386 መስመር የተቀየረበት ፋይል፦ በጊት ማከማቻ ውስጥ የመስመር መጨረሻ ልዩነት የጉዳይ ጥናት

ከዚህ በታች የማቀርበው እኔም አባል በነበርኩበት፣ ሰባት ሰዎች በሚሠሩበት አንድ የሶፍትዌር ቡድን ውስጥ ያጋጠመ ጉዳይ ነው። ከሰባታችን አራቱ በዊንዶውስ፣ ሁለቱ በማክ፣ አንዱ በሊኑክስ ይሠሩ ነበር፤ ሥራችን የሚጫንባቸው ሰርቨሮች ግን ሁሉም ሊኑክስ ነበሩ። ኮዱ የሚቀመጠው በአንድ የጊት (የፋይሎችን ለውጥ እየመዘገበ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም) ማከማቻ ሲሆን፣ ማንኛውም ለውጥ ወደ ዋናው ብራንች (የኮዱ ቅርንጫፍ) ከመግባቱ በፊት ሌላ ባልደረባ አንብቦ ማጽደቅ ነበረበት። ይህን አሠራር አስቀድሜ የምጠቅሰው ችግሩ ከሁሉ በላይ የጎዳው ይህንኑ የማንበብ ሥራ ስለሆነ ነው።

አንድ ቀን አንዲት ባልደረባችን የደረሰኞችን ጠቅላላ ሒሳብ በሚያሰላው ፋይል ላይ፣ ድምሩን ወደ ሁለት የአስርዮሽ ቦታ የሚያጠጋጋውን መስመር አስተካክላ ለግምገማ ላከች። የግምገማው ገጽ ሲከፈት ፋይሉ ከላይ እስከ ታች መጀመሪያ በቀይ፣ ቀጥሎ በአረንጓዴ ተሸፍኖ ታየ፤ 1,386 መስመሮች እንደ ጠፉና 1,385 መስመሮች እንደ ገቡ ይናገር ነበር። «እኔ የነካሁት አንድ መስመር ብቻ ነው» አለች፤ የምታውቀውንም ነበር የተናገረችው። ቀይና አረንጓዴ መስመሮቹ ጎን ለጎን ሲታዩ ፊደል በፊደል አንድ ዓይነት ስለነበሩ፣ ገምጋሚው ገጹን ወደ ታች እየሳበ ጥቂት ቦታ ካየ በኋላ አጸደቀው። ሁለቱ ቁጥሮች ለምን በአንድ እንደሚለያዩ የጠየቀ አልነበረም።

በቀጣዮቹ ሳምንታት ያው ፋይል ሁለት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ተገለበጠ። በማክ የሚሠራ ባልደረባችን አንድ ቃል ሲያስተካክል ኤዲተሩ (ኮድ የሚጽፍበት ፕሮግራም) ፋይሉን ወደ ቀድሞው መልኩ መለሰው፤ ከዚያ እንደገና ከዊንዶውስ በኩል ተቀየረ። በዚህ መሐል በሌላ ብራንች ላይ በዚሁ ፋይል የሚሠራ ሰው መርጅ ለማድረግ (ሥራውን ከዋናው ጋር ለማዋሐድ) ሲሞክር፣ የነካው ሦስት መስመር ሆኖ ሳለ ጊት ፋይሉን በሙሉ እንደ ግጭት ይቆጥርበት ነበር። እያንዳንዱን መስመር ማን መቼ እንደጻፈው የሚያሳየው የ‹ብሌም› ትእዛዝም ከጥቅም ውጭ ሆነ፤ ሁሉንም መስመር ፋይሉን በመጨረሻ የገለበጠው ሰው እንደጻፈው አድርጎ ያቀርብ ነበርና።

የማይታየው ባይት

ልዩነቱ ያለው በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ፊደልና ምልክት ቁጥር በሚሰጠው የአስኪ ሰንጠረዥ ውስጥ ለዚህ ጉዳይ የሚያገለግሉ ሁለት ምልክቶች አሉ፦ ካሬጅ ሪተርን ወይም ሲአር የሚባለው ቁጥር 13፣ እና ላይን ፊድ ወይም ኤልኤፍ የሚባለው ቁጥር 10። ሁለቱ የተለያዩት ቀድሞ በቴሌታይፕ መሣሪያዎች ላይ የተለያየ ሥራ ስለነበራቸው ነው፤ 13 የማተሚያውን ራስ ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመልሳል፣ 10 ደግሞ ወረቀቱን አንድ መስመር ወደ ላይ ይገፋል። ዩኒክስ 10ን ብቻ ያዘ፤ ሊኑክስና የዛሬው ማክም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። ሲፒ ኤም የተባለው ሥርዓት ሁለቱን አከታትሎ ይጽፍ ነበር፤ በ1981 የወጣው ኤምኤስ ዶስ ያንን ወረሰ፣ ዊንዶውስም ከዶስ ተረከበ። የድሮው ማክ ኦኤስ እስከ ዘጠነኛው ስሪት ድረስ 13ን ብቻ ይጠቀም የነበረ ቢሆንም፣ ያ ዛሬ እምብዛም አያጋጥምም።

ጊት ሁለት የፋይል ቅጂዎችን የሚያነጻጽረው መስመር በመስመር ሲሆን፣ መስመር የሚያልቀው 10 ላይ ነው። ከ10 በፊት ያለ 13 ለጊት የመስመሩ ይዘት አካል ነው፤ ልክ መጨረሻው ላይ አንድ ተጨማሪ ፊደል እንደተጻፈ ይቆጥረዋል። ስለዚህ አንድ ኤዲተር ፋይሉን ሲያስቀምጥ በየመስመሩ መጨረሻ 13 ከጨመረ፣ በጊት ዓይን ያልተለወጠ መስመር አይኖርም። ኤዲተሮች ይህን ባይት አያሳዩም፤ ቢበዛ በመስኮቱ ግርጌ ጥግ ላይ በትናንሽ ፊደላት ‹ሲአርኤልኤፍ› (13 እና 10) ወይም ‹ኤልኤፍ› (10 ብቻ) ብለው ያልፉታል። ያቺን ጥግ በሥራ ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

ባልደረባችን ጊትን በዊንዶውስ ላይ ስትጭን፣ ጫኚው ከሚያቀርባቸው ሦስት አማራጮች መካከል ፋይሎች እንዳሉ እንዲወርዱና እንዳሉ እንዲገቡ የሚያደርገውን መርጣ ነበር። ኤዲተሯ ደግሞ ማንኛውንም ፋይል ሲያስቀምጥ በዊንዶውስ ልማድ እንዲጽፍ ተስተካክሎ ነበር። እያንዳንዱ ምርጫ ለብቻው ስህተት አይደለም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ግን 13 ያለ ምንም ማጣሪያ ወደ ማከማቻው ገባ።

የመጀመሪያው መፍትሔያችንና ያስከተለው

ምክንያቱን ስናውቅ ያደረግነው ነገር ብዙ ቡድኖች የሚያደርጉት ነው። ለሁሉም መልእክት ተላከ፦ በዊንዶውስ የምትሠሩ ‹ኮር.ኦቶሲአርኤልኤፍ› የሚባለውን ቅንብር ‹ትሩ› አድርጉት፤ በማክና በሊኑክስ የምትሠሩ ‹ኢንፑት› አድርጉት። የመጀመሪያው ፋይል ሲወርድ 10ን ወደ 13 እና 10 ይለውጣል፣ ሲገባ ደግሞ መልሶ ወደ 10 ያመጣል፤ ሁለተኛው ሲገባ ብቻ ያጠራል። በወረቀት ላይ ሲታይ የተሟላ ይመስላል፤ እኔም ይበቃል ብዬ ደግፌው ነበር።

አንደኛው ጉድለቱ ወዲያው ታየ። በማከማቻው ውስጥ አስቀድመው ከ13 ጋር የተቀመጡ ፋይሎች አልተለወጡም። ጊት በዚህ ቅንብር ሲሠራ ቀድሞ በሲአርኤልኤፍ የተመዘገበን ፋይል በራሱ ፈቃድ አይነካም፤ ማንም ያላዘዘው ለውጥ በየሰዉ ኮምፒውተር ላይ እንዳይፈጠር የተደረገ ጥንቃቄ ነው። ጥንቃቄው ተገቢ ነው፤ ለእኛ ግን የቆሸሸው እንደቆሸሸ ይቀራል ማለት ነበር።

ሁለተኛው ጉድለት የወጣው አዲስ ስሪት ወደ ሰርቨር በምናወጣበት ምሽት ነው። የኮንቴይነር ኢሜጁን፣ ማለትም ፕሮግራሙ ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ታሽጎ ወደ ሰርቨር የሚሄድበትን ጥቅል፣ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በሊኑክስ የሚጠቀመው ባልደረባችን ነበር፤ ያን ዕለት እሱ ስላልነበረ በዊንዶውስ የሚሠራ ሌላ ባልደረባ ሠራው። ይህ ሰው መልእክታችንን ተከትሎ ቅንብሩን ቀይሮ፣ ማከማቻውንም እንደ አዲስ አውርዶ ነበር። ኢሜጁ ያለ ምንም ስህተት ተሠራ፤ ሰርቨሩ ላይ ሲነሣ ግን የማስነሻ ስክሪፕቱን (ትእዛዞች የተጻፉበትን ፋይል) ጠቅሶ እንዲህ ያለ ፋይል ወይም ማውጫ የለም ብሎ ወዲያው ቆመ። ወደ ኢሜጁ ገብተን የፋይሎቹን ዝርዝር አየን፤ ስክሪፕቱ በቦታው አለ፣ የማስኬድ ፈቃዱም ተሰጥቷል። «ፋይሉ እኮ ይኸው አለ» እያልን አድራሻውን፣ ፈቃዱን፣ የመሠረት ኢሜጁን ስሪት ስንመረምር ሁለት ሰዓት ያህል አለፈ።

መልሱን ያገኘነው የስክሪፕቱን የመጀመሪያ መስመር በፊደል ማንበብ ትተን ባይቶቹን በቁጥር ስናወጣቸው ነው። የወጣው ይህ ነበር፦

35 33 47 98 105 110 47 98 97 115 104 13 10

ከመጀመሪያው 47 እስከ 104 ያለው ‹ቢን› ከሚለው ማውጫ ሥር ያለውን ‹ባሽ› የተባለ ትእዛዝ አስፈጻሚ ፕሮግራም የሚገልጽ አድራሻ ነው። የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) አንድን ስክሪፕት ሲያስነሣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ባይቶች ላይ 35 እና 33ን ካገኘ፣ ከዚያ ቀጥሎ እስከ 10 ድረስ ያለውን ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ፕሮግራም አድራሻ አድርጎ ይወስደዋል። እዚህ ከ10 በፊት 13 አለ፤ ስለዚህ ከርነሉ የፈለገው ባሽን ሳይሆን በስሙ መጨረሻ 13 የተለጠፈበትን ሌላ ፋይል ነበር። የለም የተባለው ያ ፋይል ነው። የስህተቱ መልእክት እውነቱን ነበር የተናገረው፤ ግን የጠራው የስክሪፕቱን ስም በመሆኑ እኛ በሌላ ነገር ላይ ደከምን። ስክሪፕቱ በኮንቴይነር ሳይሆን በቀጥታ ከተርሚናል ቢነሣ ኖሮ፣ ባሽ በቆዩት ስሪቶቹ የፕሮግራሙን ስም 13ን ከሚወክለው የ‹^ኤም› ምልክት ጋር አድርጎ መጥፎ አስተርጓሚ ብሎ ስለሚጽፍ ነገሩ ቶሎ ይገለጥ ነበር።

ከዚህ ጉዳይ ትልቁን ክብደት የምሰጠው ለዚህ ነጥብ ነው። ማከማቻው ውስጥ ያለው የስክሪፕቱ ቅጂ ንጹሕ ነበር፤ 13 የተጨመረው በባልደረባችን ኮምፒውተር ላይ ፋይሉ ሲወርድ፣ እኛው ባዘዝነው ቅንብር ምክንያት ነው። ኢሜጁን የሚሠራው መሣሪያ ደግሞ ፋይሎችን የሚቀዳው ከጊት ማከማቻ ሳይሆን በዲስኩ ላይ ካለው ማውጫ ስለሆነ፣ የዊንዶውሱን ቅጂ ወስዶ ሊኑክስ ውስጥ አስቀመጠው። ፋይሉ በምን መልክ እንደሚጻፍ የሚወስነው የእያንዳንዱ ሰው ኮምፒውተር እስከሆነ ድረስ፣ ሰባት ሰው በትክክል ቢያስተካክልም ስምንተኛው ሲመጣ፣ ወይም ከሰባቱ አንዱ ኮምፒውተር ሲቀይር ነገሩ እንደገና ይፈርሳል። ውሳኔው መቀመጥ ያለበት ከኮዱ ጋር አብሮ በሚሄድ ፋይል ውስጥ፣ ማለትም በማከማቻው ውስጥ ነው።

ቆጠራ

ሁለተኛውን መፍትሔ ከመጀመራችን በፊት ያለውን ሁኔታ ለማወቅ ‹ጊት ኤልኤስ-ፋይልስ› የሚለውን ትእዛዝ በ‹ኢኦኤል› አማራጩ አስኬድነው። ይህ አማራጭ በ2016 በጊት 2.8 የመጣ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ፋይል ሦስት ነገር ያሳያል፦ በማከማቻው መዝገብ ውስጥ ያለውን መልክ፣ በዲስኩ ላይ ያለውን መልክ፣ እና የተጻፈለት ደንብ ካለ ደንቡን። የሦስቱን ልዩነት በአንድ መስመር ጎን ለጎን ማየት ከብዙ ግምት ያድናል። አብዛኛው ፋይል ንጹሕ ኤልኤፍ ነበር፤ በርከት ያሉ ፋይሎች ሙሉ በሙሉ ሲአርኤልኤፍ ሆነው ተገኙ፤ ዘጠኝ ፋይሎች ደግሞ ‹ሚክስድ› ተብለው ወጡ፤ በአንድ ፋይል ውስጥ ግማሹ መስመር በ13 እና 10፣ ግማሹ በ10 ብቻ የሚያልቅ ማለት ነው። እነዚህ ዘጠኙ የተፈጠሩት ሰዎች ከአንድ ፋይል ቀድተው ሌላው ላይ ሲለጥፉ ይመስለኛል።

ሁለተኛው መፍትሔ

‹.ጊትአትሪቢውትስ› የሚባለው ፋይል በማከማቻው ሥር ይቀመጣል፤ በውስጡ የሚጻፈው ደንብም ማከማቻውን ባወረደ ሰው ሁሉ ላይ፣ የግል ቅንብሩ ምንም ይሁን ምን፣ ይሠራል። የመጀመሪያው ደንባችን ለሁሉም ፋይል ‹ቴክስት=ኦቶ› እና ‹ኢኦኤል=ኤልኤፍ› የሚል ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ጊት ጽሑፍ የሆነውን ፋይል ራሱ ለይቶ ሲገባ እንዲያጠራው ያዛል፤ ሁለተኛው ክፍል ሲወርድም በሁሉም ሥርዓት ላይ 10 ብቻ እንዲሆን ያስገድዳል። ሁለተኛው ክፍል ያስፈልጋል አያስፈልግም በሚለው ላይ በቡድኑ ውስጥ ክርክር ነበር። በዊንዶውስ የሚሠሩት ባልደረቦች ፋይሎቹ በራሳቸው ሥርዓት ልማድ ቢወርዱ ይመርጡ ነበር። እኔ ግን ኮንቴይነር ከየሰዉ ዲስክ ላይ እየተሠራ ያንን ፈቃድ መስጠት ያለፈውን ምሽት መድገም ነው ብዬ ተከራከርኩ፤ ዛሬም አቋሜ ይኸው ነው። ኖትፓድ ሳይቀር ከ2018 ወዲህ ኤልኤፍን በትክክል ስለሚያሳይ፣ በዊንዶውስ ላይ በዚህ መልክ መሥራት ቀድሞ የነበረውን ያህል አያስቸግርም።

ደንቡን ግን በጅምላ ማስኬድ አይቻልም። በተለየ የሙከራ ብራንች ላይ ስንሞክረው ሦስት ዓይነት ፋይሎች ለየት ያለ ቃል እንደሚያስፈልጋቸው አየን። ‹.ባት› የሚል ቅጥያ ያላቸው የዊንዶውስ ትእዛዝ ፋይሎች ኤልኤፍ ብቻ ሲኖራቸው፣ አስኪያጃቸው አንዳንድ ጊዜ የሚዘልበትን ምልክት ስቶ ስለሚያልፍ፣ ለእነሱ ‹ኢኦኤል=ሲአርኤልኤፍ› ጻፍን። ሁለተኛዎቹ የምሥል ፋይሎች ናቸው። ጊት በፋይሉ ውስጥ ዜሮ ባይት ካገኘ ፋይሉን ባይነሪ (ጽሑፍ ያልሆነ) ብሎ ስለሚተወው ብዙውን ጊዜ አይሳሳትም፤ እኛ ግን ‹ባይነሪ› ብለን በግልጽ ጻፍንላቸው። የፒኤንጂ ምሥል ደረጃን ያወጡ ሰዎች ይህን አደጋ አስቀድመው ማየታቸው እዚህ ላይ ሊነሣ ይገባል፤ ማንኛውም የፒኤንጂ ፋይል 137 80 78 71 13 10 26 10 በሚሉ ስምንት ባይቶች ይጀምራል፤ በመካከል ያሉት 13 እና 10፣ በመጨረሻም ያለው 10 የተቀመጡት አንድ ፕሮግራም የመስመር መጨረሻ ለውጦባቸው እንደሆነ ፋይሉ ሲከፈት ወዲያው እንዲታወቅ ነው።

ሦስተኛዎቹ ከሁሉ ይበልጥ ያስደነገጡን ነበሩ። የእኛ ሥርዓት ሰንጠረዦችን በሲኤስቪ መልክ (ዓምዶቹ በኮማ በተለያዩበት ጽሑፍ) ያወጣል፤ በ2005 የወጣው አርኤፍሲ 4180 የተባለ ሰነድ የሲኤስቪ መስመር በሲአርኤልኤፍ እንዲያልቅ ስለሚገልጽ ኮዳችንም ያንኑ ተከትሏል። የፍተሻ ኮዱ የወጣውን ፋይል ከተቀመጠ ናሙና ጋር ባይት በባይት ያነጻጽራል። ደንባችን ናሙናዎቹን ሲያጠራ 13ን ስለነቀለባቸው ፍተሻዎቹ ወደቁ። በእነዚህ ፋይሎች ውስጥ 13 ቆሻሻ ሳይሆን ይዘት ነው፤ ስለዚህ የናሙናዎቹን ማውጫ ‹-ቴክስት› በሚል ቃል ጊት ጨርሶ እንዳይነካው አደረግን። ፍተሻው ባይኖር ኖሮ ይህን በሙከራው ብራንች ላይ አናውቀውም ነበር።

ቀኑን መርጠን፣ ሊገቡ የተዘጋጁ ብራንቾችን በሙሉ አስቀድመን አስገባንና ለአንድ ከሰዓት ሌላ ለውጥ እንዳይገባ ዘጋነው። ከዚያ ደንቡን ጽፈን ‹ጊት አድ› የሚለውን ትእዛዝ በ2018 መጀመሪያ ከጊት 2.16 ጋር በመጣው ‹ሪኖርማላይዝ› አማራጭ አስኬድነው፤ ጊት ደንቡን ቀድሞ በተመዘገቡት ፋይሎች ላይም እንዲተገብር የሚያስገድደው ይህ ነው። ከመመዝገባችን በፊት ዲፉን (በቀድሞውና በአዲሱ ቅጂ መካከል ያለውን ልዩነት) ‹ኢግኖር-ሲአር-አት-ኢኦኤል› በሚለው፣ በመስመር መጨረሻ ያለን 13 ችላ በሚያስብለው አማራጭ አየነው። ከአዲሱ የደንብ ፋይል በቀር አንድም የተለወጠ መስመር አልታየም። ያ ኮሚት (በአንድ ጊዜ የሚመዘገብ የለውጥ ጥቅል) ሌላ ምንም ነገር እንዳይዝ አጥብቀን ጠብቀናል፤ አንድ የኮድ ማስተካከያ እንኳ ቢቀላቀልበት ይህን ማረጋገጫ ማግኘት አይቻልም ነበርና።

የ‹ብሌም› ጉዳይ በአንድ ትንሽ ፋይል ተፈታ። ከ2019 የጊት 2.23 ጀምሮ ችላ መባል ያለባቸውን ኮሚቶች መለያ ዘርዝሮ ለትእዛዙ መስጠት ስለሚቻል፣ የጽዳቱን ኮሚትና ቀደም ሲል ፋይሎችን የገለበጡትን ኮሚቶች ጽፈንለት የመስመሮቹ እውነተኛ ባለቤቶች ተመልሰው ታዩ። በወቅቱ ሊገባ ያልቻለውን አንድ ረጅም ብራንች ደግሞ መርጅ ስናደርግ የ‹ሪኖርማላይዝ› አማራጭን ሰጠነው፤ ጊት ከማነጻጸሩ በፊት ሁሉንም ቅጂዎች በአንድ መልክ ስለሚያጠራቸው የቀሩት ግጭቶች እውነተኛዎቹ ብቻ ነበሩ።

ለሁሉም ማከማቻውን እንደ አዲስ እንዲያወርዱ ነገርን። አንድ ባልደረባ ለውጡን ብቻ ስቦ ቀጠለ፤ ከሁለት ቀን በኋላም ያው የማስነሻ ስክሪፕት በእሱ ኮምፒውተር በተሠራ ኢሜጅ ላይ በዚያው ስህተት ቆመ። በመዝገቡ ያልተለወጠን ፋይል ጊት በዲስኩ ላይ እንደገና ስለማይጽፈው፣ ስክሪፕቱ ቀድሞ እንደወረደ ከነ13ቱ ተቀምጦ ነበር። ይህን ምክንያት በመመሪያው ላይ በግልጽ ጽፈነው ቢሆን ኖሮ አይዘለውም ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ሰው ምክንያቱን ያላወቀውን እርምጃ ማሳጠሩ አይደንቅም። በመጨረሻም አውቶማቲክ ፍተሻው ላይ፣ ‹-ቴክስት› ከተባሉት ውጭ በመዝገቡ ውስጥ ሲአርኤልኤፍ ወይም ሚክስድ የሆነ ፋይል ከተገኘ ለውጡን የሚያስቆም አንድ እርምጃ ጨመርን፤ ኤዲተሮችም ከመነሻው በኤልኤፍ እንዲጽፉ የ‹.ኤዲተርኮንፊግ› ፋይል አስቀመጥን።

የቀረው ሥራ ወደ ኋላ መመለስ ነበር። ፋይሎችን በሙሉ የገለበጡትን የቀድሞ ኮሚቶች አንድ በአንድ አውጥተን፣ 13ን ችላ በሚለው አማራጭ እንደገና አነበብናቸው፤ በወቅቱ ሊነበቡ ያልቻሉ፣ ግን ጸድቀው የገቡ ነበሩና። አብዛኞቹ ከተባለላቸው በቀር ሌላ ነገር አልነበራቸውም። የደረሰኙ ፋይል ላይ ስንደርስ ግን በቀይና በአረንጓዴ ተሸፍኖ የነበረው ገጽ ወደ ሁለት ቦታ ወረደ። አንደኛው ባልደረባችን የነገረችን የማጠጋጊያ መስመር ነው። ሁለተኛው ከዚያ 40 መስመር ያህል ዝቅ ብሎ ያለ፣ የዕቃው ብዛት ከዜሮ በታች ከሆነ ደረሰኙን የሚመልስ የአንድ መስመር ማጣሪያ ሲሆን፣ በቦታው ቀይ ብቻ ነበር፤ አረንጓዴ አልነበረውም። በ1,386 እና በ1,385 መካከል የነበረው ልዩነት ይህ ነበር። ባልደረባችን መቼ እንደጠፋ አታስታውስም፤ ጣቷ አንድ ቁልፍ ነክቶ ይሆናል። ማጣሪያው ለአሥራ አንድ ሳምንት በሥራ ላይ አልነበረም።

መስመሩን በዚያው ቀን መለሰችው። ለግምገማ የላከችው ዲፍ አንድ አረንጓዴ መስመር ብቻ ነበረው።